ጋሽ ይልማ ቻንስለር የሆኑ ጊዜ

ልብ ብላችሁልኝ ከሆነ፣ እዚህ ዳላስ ዝም ብሎ «አቶ» የሆነ ሰው ማግኘት እየከበደ ነው። ባለፈው አንዱ ቢዝነስ ካርድ ሰጠኝ፤ «ፕሬዚዳንት» ይላል። የምን ፕሬዚዳንት ነህ ስለው፣ የሊሞዚን ካምፓኒ አለኝ አለ። ሊሞው አንድ ነው። ሹፌሩም እሱው ነው።

ሳቅኩበት። ግን በልኩ ነው የሳቅኩት፤ ማዕረግ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁና።

እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ ሪቻርድሰን ውስጥ ልጆቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩባት ትንሽ ትምህርት ቤት አለችን። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን ነው። የመሠረቷት ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ዳይሬክተሯም እሳቸው ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ ማይክ ከያዙ አይለቁም። ልጆቹ ፊደል ሊቆጥሩ ቁጭ ብለው፣ እሳቸው ስለ አማርኛ ጥቅም በእንግሊዝኛ ንግግር ያደርጋሉ። ንግግሩ ሲያልቅ የአዳራሹም ሰዓት ያልቃል። አንድ ቀን ልጄ መኪና ውስጥ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ባባ፣ ‘ሀ’ የሚመጣው ከ‘ኢን ኮንክሉዥን’ በኋላ ነው?»

ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ እግር ኳስ ማዞር ጀመሩ። ትምህርት ቤቷ ልትዘጋ ሆነ። ጋሽ ይልማን ይውረዱ እንዳንል፣ መሥራች ናቸው፤ በዚያ ላይ ሽማግሌ ናቸው። ማን ይድፈር?

መላውን ያመጣችው ሄለን ናት። ሄለን አስተማሪያችን ናት፤ በሥራ ቀን ደግሞ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሮ ውስጥ የምረቃ በዓል ታዘጋጃለች። ለምረቃ አንድ ፕሮፌሰር ትልቅ ዘንግ ተሸክሞ ከሁሉም ፊት ይሄዳል አለችን። ዘንጉ ድሮ የሰው ጭንቅላት መፈርከሻ ነበር አሉ። ዛሬ ዝንብ አይመታም፤ ግን እሱ ሳይገባ ማንም አይገባም።

እንግሊዝ አገር ይብሳል አለች። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቻንስለር ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ሎርድ ወይ መስፍን ቢጤ ነው። አልፎ አልፎ በወርቅ የተጠለፈ ካባ ለብሶ ይመጣል፣ እጅ ይጨብጣል፣ ይሄዳል። ሥራውን የሚሠራው ምክትሉ ነው።

እርስ በርስ ተያየን።

በማግሥቱ ሌክ ሃይላንድስ፣ ጋሽ ይልማ አፓርትመንት ሄድን። ሄለን በትሕትና ጀመረች።

«ጋሼ፣ ቻንስለር እንዲሆኑልን አስበን ነበር።»

«ከዳይሬክተር ይበልጣል?»

«በጣም እንጂ! እንግሊዝ አገር መሳፍንት ናቸው የሚሾሙበት።»

«ከበላዬ ማን አለ?»

«ማንም።»

«ንግግርስ?»

«በዓመት አንዴ ብቻ። የቻንስለር ቃል እንዲህ በየሳምንቱ አይረክስም።»

ጋሽ ይልማ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። ከዚያ የካባው ቀለም ምን እንደሆነ ጠየቁ።

ካባውን ኦንላይን አዘዝን። ዘንጉን እኔ ሠራሁት፤ ከሃርድዌር መደብር የደረጃ ምሰሶ ገዝቼ ወርቃማ ቀለም ነፋሁበት። በሹመቱ ቀን ራቅ ካለው ከቤድፎርድ ሳይቀር ሰው መጣ። ከፊት እኔ ዘንጌን ታቅፌ፣ ከኋላዬ ጋሽ ይልማ ካባቸውን እየጎተቱ ገባን። ቀለሙ አልደረቀም ነበር። ሰኞ ኤርፖርት ሥራ ስገባ መዳፌ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ እንዳሉት ቅዱሳን ያበራ ነበር።

ሄለን ምክትል ሆነች። ወዲያው ትምህርት ቤቷ ነፍስ ዘራች። ልጆቹ ማንበብ ጀመሩ፤ እግር ኳስ የሄዱትም ተመለሱ።

ጋሽ ይልማስ? አበቡ! ሰርግ ላይ የፊት ወንበር ይያዝላቸዋል። የሰርግ መድረክ መሪው «ክቡር ቻንስለር» ብሎ ሲጠራቸው በዝግታ ይነሳሉ፤ የመሳፍንት አነሳስ በዩቲዩብ ሳያጠኑ አልቀሩም። በዓመቱ መጨረሻ ወላጆች አዋጥተው የመስታወት ሽልማት ሰጧቸው። ምን ተብሎ የተጻፈበት ይመስላችኋል? «ትምህርት ቤታችንን ከመዘጋት ላዳኑ።» ሄለን ከኋላ ቆማ አጨበጨበች። በአንድ እጇ መጥረጊያ ስለያዘች ጭኗን ነበር የምትመታው።

በሳምንቱ ስብሰባ ጠራች። «በር የምከፍተው እኔ፣ የማስተምረው እኔ፣ የምጠርገው እኔ፣ ወላጅ ሲናደድ ቴክስት የሚያደርገው ለእኔ፤ በቃኝ፣ ለቀቅኩ» አለች። ደነገጥን። ምን እናድርግልሽ? ረዳት? እረፍት?

«ቻንስለር አድርጉኝ» አለች።

የምትቀልድ መስሎን ሳቅን። አልሳቀችም።

«ከእናንተ መካከል የቻንስለርን ሥራ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አለ? ምንም አለመሥራት ነው። እችለዋለሁ።»

ሾምናት። ጋሽ ይልማ ቅር እንዳይላቸው «ግራንድ ቻንስለር» ተባሉ፤ ካባቸው ጠርዝ ላይም እንደ መሳፍንቱ ለስላሳ ፀጉር ተጨመረላቸው። ሄለን የራሷን ካባ በልኳ አሰፋች፤ ሐምራዊ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያምርባታል። ከዚያ አንዱ «ሶ፣ ምክትሉ ማን ሊሆን ነው?» ሲል ቤቱ ዞሮ እኔን አየኝ።

ይህን የማወራችሁ አዳራሹን እየጠረግኩ ነው። ዛሬ ሁለቱ ቻንስለሮች ሥራዬን ሊጎበኙ ይመጣሉ። እኔም ከማለዳ ጀምሮ አንድ ነገር እያወጣሁ እያወረድኩ ነው፤ ከቻንስለርና ከግራንድ ቻንስለር በላይ የሚሆን ማዕረግ ምን ይባላል? ካወቃችሁ ኮል አድርጉልኝ። ከሚቀጥለው ቅዳሜ በፊት።