ድምፁን ጨምርልኝ ያሉኝ አባት

ሳይጠየቅ ስለ ስልክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያስረዳ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጂንካ ከመጣችሁ ያ ሰው እኔ ነኝ።

አንድ የገዘር ከተማ አባት ስልካቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። «ካንጋተን ከተማ ያለችው ልጄ ምጥ ላይ ናት። ሲደወል እንዲሰማኝ ድምፁን ጨምርልኝ» አሉኝ። ድምፅ መጨመር ለእኔ ይመጥናል? አንድሮይድን ከአይፎን ለይቼ አስረዳኋቸው። ቀጥዬም «ሲስተሙ አርጅቷል» ብዬ አፕዴት ጀመርኩ። ስልኩ ጠቆረ፣ በዚያው ቀረ። የእኔን ላውሳቸው ብል እሱም አፕዴት ላይ ነው።

«ያንተም አርጅቷል?» አሉኝ።

ወጥተው የቢሮውን ጥበቃ ባለቁልፍ ስልክ ተውሰው ደወሉ። ትንሽ ቆይቶ «ወንድ ነው? እሷስ ደህና ናት?» ሲሉ ሰማኋቸው።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ያስቸገረው ሰው ሁሉ ከበሩ አያልፍም፤ ጥበቃው ዘንድ ጨርሶ ይመለሳል። ጥበቃው ስለ ሲስተም ሰምቶ አያውቅም።