የኮሎኔል አብዱልጀሊል የቆብ ዓርማ

ሁሉን አውቃለሁ ባይ የሌለበት ሰፈር የለም። የአዘዞው ክቡር ኮሎኔል አብዱልጀሊል ግን የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ካላወቃችሁላቸው አይለቋችሁም። ድሮ ጣልያንን ለማስወጣት ጎንደር የገቡ የእንግሊዝ ፈቃደኛ ወታደሮች ቆባቸው ላይ ያደርጓት የነበረችውን ባለፈረስ ዓርማ በየዓይነቷ ይለያሉ። ኮሎኔልነቱን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው እንጂ እሳቸውስ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከሜትርና ከመቀስ በቀር የጨበጡት መሣሪያ የለም።

ሻሽ ልትገዛ የመጣች ሴት "ጅራቱ ሽቅብ ነው ቁልቁል?" ተብላ ትጠየቃለች። ምስኪን፣ ሻሹን ታገላብጣለች። ለቅሶ ቤት እንኳ የሟች ፎቶ ላይ ቆብ ካዩ መነጽራቸውን ያወጣሉ። ሚስታቸው ኩልሱም "ኧረ በአላህ፣ ሰዉ ያልቅስበት!" ትላለች። የሰበሰቧቸውን ዓርማዎች ሳጥንማ ስንቴ ልትጥለው ተነሥታለች።

ባለፈው ሳምንት በላቸው የሚባል ገበሬ ከማክሰኝት ሱቃቸው መጣና ከመሐረብ ፈትቶ አንድ ዓርማ ባንኮኒው ላይ አኖረ።

"አያ አብዱልጀሊል፣ አባቴ 'ቆስሎ የወደቀ እንግሊዝ አዝዬ ባወጣው ሰጠኝ' ይል ነበር። አገሩ ግን 'ከማኪና ላይ ነቅሎ ነው' እያለ ሳቀበት፤ እንደተሳቀበት ሞተ። እሑድ ልጄን እድራለሁ። ከሳቁበት አንዱ የሙሽራው አባት ነው። እውነት ከሆነ ደረቴ ላይ ላድርገው፤ ካልሆነም ንገረኝና ልጣለው።"

ኮሎኔሉ አንሥተው አዩትና ጮኹ። ፈረሱ ፊት የለው፣ ጅራት የለው፤ ዝም ብሎ ያብረቀርቃል።

"እጅጋየሁ ናት" አለ በላቸው ስለ ሚስቱ ኮራ ብሎ። "ለሠርጉ ብላ በአመድና በሎሚ ፈትጋ ፈትጋ ሸጋ አደረገችው።"

"ሸጋ! ያን የመሰለ ጅራት በአመድ!"

አጠገባቸው የነበረችው ኩልሱም ባሏ "አይታወቅም" ብለው ሰውዬውን እንዳይሸኙት ፈራች። እሳቸው ግን ገለበጡት። አመዱ ጀርባው ላይ አልደረሰም፤ ሁለት የሽቦ ቀለበቶች አሉበት።

"የኋለኞቹ በአንድ ጠፍጣፋ የብረት ምላስ ነው ቆቡ ላይ የሚሻጡት። ቀለበት ያላቸው የመጀመሪያዎቹ ብቻ ናቸው። የማኪና ምልክት ደግሞ በብሎን ነው የሚታሰረው። ይህ ማኪና አያውቅም፤ የወታደር ቆብ ነው የሚያውቀው። አባትህ አልዋሸም።"

በላቸው እንባው መጣ። "እንግዲያ ላንተ ይሁን። እኔ እውነቱ ይበቃኛል።"

ኩልሱም ትንፋሿን ዋጠች፤ ሳጥኑ ውስጥ የጎደለችው ይህችው ነበረች። ኮሎኔሉ ሳጥናቸውን አዩ፣ በላቸውን አዩ፣ ከዚያ በገዛ እጃቸው ኮቱ ላይ ሰኩለት።

"እሑድም መጥቼ አስረዳልሃለሁ።"

"አስረዳልሃለሁ" የሚለውን ስትሰማ ኩልሱም ለሠርገኛው አዘነች።

እሑድ በላቸው ለእስላም እንግዶቹ ለብቻ አሳርዶ ተቀበላቸው። ከምሳ በኋላ ኮሎኔሉ ተነሥተው ቀለበቱን ከምላሱ እየለዩ አስረዱ። የሙሽራው አባት መጥቶ ዓርማውን ዳሰሰና "በላቸው፣ አባትህን በድለነዋል፤ ይቅር በለን" አለ። ድንኳኑ በእልልታ ቀለጠ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይቀመጥ ነበር። ኮሎኔሉ ግን ወደ ጅራቱ ተሻገሩ።

ከሴቶቹ መሐል አንዷ "ምነው፣ ይህ ሰውዬ አያበቃም እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ኩልሱም ዓይኗን ከኮሎኔሉ ሳትነቅል "ዝም በይ እስቲ፣ ልስማበት" አለቻት። "ባሌ ነው።"