ጉና ላይ የለካሁት ውሃ

የጂኦግራፊ መምህር ማለት ያልረገጠውን አገር በልበ ሙሉነት የሚያስጎበኝ ሰው ነው! አትቆጡኝ፤ ራሴ ስለነበርኩ ነው። በደርግ ጊዜ ወረታ ሳስተምር ስንቱን ተማሪ በጠመኔ ብቻ የዓለምን ተራሮች አስወጥቼ አስወርጃለሁ... በእግሬ የወጣሁት ትልቁ ከፍታ ግን ኩይሳ ነበር። ፎገራ ተወልዶ ያደገ ሰው ዳገት ከየት ያምጣ?

ጉዱ የመጣው የሥራ ባልደረባዬን ዘውድነሽን ላገባ ሽማግሌ ስልክ ነው። አባቷ መሪጌታ ጥበቡ የሚኖሩት ከጉና ሥር ነው። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ "ልጁ ራሱ ይምጣና ጉናን አብረን እንውጣ፤ መልሴን ያኔ እሰጣለሁ" ብለው መለሷቸው። እኔም በመምህራኑ ፊት፣ "ጉና ደግሞ ተራራ ነው እንዴ?" ብዬ ፎከርኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ! ዳይሬክተራችን "ጓድ፣ ወደፊት እንጂ ወደኋላ የለም!" ብሎ ሸኘኝ።

ጥር ላይ ሄጄ እሳቸው ቤት አደርኩ፤ ጎህ ሲቀድ መውጣት ጀመርን። መሪጌታ በዚያ ዕድሜያቸው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዳዊት እየደገሙ ይወጣሉ። እኔ እንኳን ዳዊት ልደግም፣ ስሜን የምጠራበት ትንፋሽ አልነበረኝም።

"ደከመህ እንዴ ልጄ?"

"ኧረ... አገሩን... እያየሁ ነው!"

ደግሞም ያምር ነበር፤ አልዋሽም። ጅብራ የሚሉት ረጅሙ የውርጭ አገር ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ደመናው ከእግራችን በታች ተኝቷል። ከጫፉ ሥር ስንደርስ አንድ ጎድጓዳ ሜዳ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። ፎገራ ላይ ሜዳ እንዲያ ካብለጨለጨ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ውሃ ተኝቶበታል! እፎይ፣ በመጨረሻ የማውቀው ነገር ተገኘ ብዬ ደረቴ ተነፋ።

"መሪጌታ፣ እርስዎ ይቆዩ! እኔ ልለካው!"

ጫማዬን አውልቄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቀለልኩ። በትሬን እያስቀደምኩ ገባሁ።

ኩርሽም!

ለካ አመዳይ ነው! ሌሊቱን ሣሩ ላይ የጋገረ ውርጭ... እግሬን መጀመሪያ እንደ ፍም አቃጠለኝ፤ ቀጥሎ እግር ያለኝም አልመስልህ አለኝ።

"ይጠልቃል ወይ ልጄ?" አሉ መሪጌታ ከኋላዬ። ከሳቃቸው የተነሳ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወርዷል።

በዚያው ጋቢ እግሬን ጠቅልለው፣ አሽተው፣ ጫማዬን አስጠልቀው፣ እጄን ይዘው ጫፍ አደረሱኝ። ጫፉ ላይ ወፍ እንኳን አይሰማም፤ የሚሰማው የኔ ጥርስ ብቻ ነው። ከብርዱ እፍረቱ ባሰብኝ። ዘውድነሽን እንዳጣኋት ቆጥሬ እንባዬ መጣ።

"ልጄን ሰጥቼሃለሁ" አሉኝ ድንገት።

"ምነው መሪጌታ... ይህን ሁሉ አይተው?"

"እሱን አይቼ ነዋ! ታላቋን እግረ ብርቱ ሰው አግብቷት፣ ባኮረፈች ቁጥር እዚህ ድረስ ተከትሎ እየመጣ መከራዋን አሳያት። ይችኛዋ አኩርፋ ብትመጣ ግን... አንተ አትደርስባትም።"

ይኸው እስከ ዛሬ፣ ባለቤቴ ፊቷን ወደ ጉና ባዞረች ቁጥር ቶሎ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጥፋቴንማ ኋላ ትነግረኛለች።