ኔትወርክ ፍለጋ ማንጎ ላይ

ሞባይል ማለት ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው ብለው የነገሩን ሰዎች አርባ ምንጭ አጠገብ ያለችውን መንደራችንን ጫኖን አያውቋትም። ያኔ፣ ሞባይል በየኪሱ መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ጫኖ ላይ የሚንቀሳቀሰው ስልኩ ሳይሆን ባለስልኩ ነበር። አንዱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ሃሎ!» ይላል። ሌላው ጋሪው ላይ ቆሞ ቀፎውን ወደ ሰማይ ይዘረጋል፤ ላላወቀው ዝናብ የሚለምን ይመስላል። ሌላው ደግሞ ኔትወርኳ እንዳታመልጠው በሙዝ ተክል መሀል ወደ ኋላ እየተራመደ ሲያወራ ቆይቶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ደግነቱ ወሬው አይቋረጥም፤ ቦይ ውስጥ ሆኖም «ምንም አልሆንኩም፣ ቀጥል!» ይላል።

ያቺን ጨዋ ሴትዮ መቼም ታውቋታላችሁ፤ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን። አንድ ቀን ይህን ስትለኝ ደንበኛው ከቦዩ ማዶ ቆሞ እጁን እያውለበለበልኝ ነበር። በዓይኔ እያየሁት ማግኘት አልችልም! ምን ትሏታላችሁ?

ሰፈሩን ሁሉ ከኔትወርክ ጋር ያስታረቀች አንዲት ቦታ ግን ነበረች፤ ቦዩ ዳር ያለችው የአቶ ሻንካ ማንጎ ጥላ። አቶ ሻንካ በዕድሜም በነገር አዋቂነትም የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ኔትወርክ ለምን የእሳቸውን ማንጎ እንደመረጠ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን «ማንጎዬ ጣፋጭ ስለሆነች ነው» ይላሉ። የታመመ ዘመድ የሚጠየቀው፣ የሙዝ ገዢ የሚፈለገው፣ ባልና ሚስት የሚኳረፉት እዚያው ነው፤ ያውም በጩኸት፣ ያውም ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ። ምስጢር ያለበት ሰው ሚኒባስ ተሳፍሮ አርባ ምንጭ ይወርዳል።

የሥራ ባልደረባዬ መምህር ታደለ ምስጢር ነበረበት፤ ግን አርባ ምንጭ አይወርድም። ምስጢሩ ሰላማዊት ትባላለች፤ ምዕራብ ዓባያ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። አንድ ሠርግ ላይ ከተዋወቁ ጀምሮ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማንጎው ሥር ሆኖ ይደውልላታል። ምን እንደሚላት ልንገራችሁ? «እዚያ ሞቀ?» «እዚህማ በጣም ሞቋል።» ክፍል ውስጥ ሒሳብ ሲያስተምር እንደ ነጎድጓድ የሚያስገመግም ሰው፣ እሷ ጋ ሲደርስ የአየር ጠባይ ዘጋቢ ሆኖ ቀረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ሚስትም አትገባም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብሬው ተራ እየጠበቅሁ ሳለ ራሷ ደወለች። ድምፅ ማጉያው ላይ ባያደርገውም ሁላችንም ሰማን፤ ማንጎው ሥር መጮህ የሁለቱም ወገን ግዴታ ነው።

«ታደለ፣ የዲላው ዝውውር ተፈቀደልኝ!»

ዲላ አገሯ ነው፤ እናቷ እዚያ ናቸው። ዝውውሩን የጠየቀችው ከታደለ ጋር ሳይተዋወቁ በፊት ነበር።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ታደለ፤ ፊቱ ግን አመድ መሰለ።

«ሰኞ ጠዋት እሄዳለሁ ወይም እቀራለሁ ብዬ መልስ መስጠት አለብኝ። እና… የምትለኝ ነገር ካለ ብዬ ነው።»

ተራ ጠባቂው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ። ከተራ ጠባቂዎቹ አንዷ የማንጎ ነጋዴ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ታደለ ላቡን ጠረገ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በመጨረሻም «አትሂጂ!» አለ።

«ለምን?»

ይኼኔ ኔትወርኩ መቆራረጥ ጀመረ። «ሃሎ? ሃሎ?» እያለ ዞረ፣ በእግሩ ጣት ቆመ፣ እጁን ዘረጋ። ከዚያ አንዳችንም ያልጠበቅነውን አደረገ፤ ጫማውን አውልቆ ማንጎው ላይ ወጣ!

«መምህር! ፍሬዬን እንዳታረግፍ!» ብለው አቶ ሻንካ ከእርሻው መሀል እየሮጡ መጡ። ነገሩን በአጭሩ ነገርናቸው። ቀና ብለው አዩትና ቁጣቸውን ዋጡ። «ታዲያ እዚያ ምን ትሠራለህ? ከፍ በል እንጂ! ቀጭኑን ቅርንጫፍ ግን ተጠንቀቅ!»

ታደለ ግን ቀጭኑ ላይ ደርሷል። ከዚያ ሆኖ፣ ቦዩን የሚጠርጉት ሰዎች አካፋቸውን አቁመው እስኪያዩት ድረስ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ጮኸ።

«አግቢኝ!»

ቅርንጫፉ ቋ! አለ። መምህር ታደለ ከነቅጠሉ፣ ከነፍሬው፣ ከነሞባይሉ ቦዩ ውስጥ ገባ።

እሱ ተርፎ ወጣ። ስልኩ አልተረፈም። ውኃው ከላዩ ላይ እየተንጠባጠበ «ሰምታለች? ሰምታለች ወይ?» ይለናል። ማን ይወቅ! በእኔ ስልክ ብንሞክር ያቺ ጨዋ ሴትዮ ናት። አቶ ሻንካ ፈረዱ፦ «እንዲህ ያለው ነገር በሽቦ አይሆንም። ሂድና በአፍህ ተናገር።» መንገድ ዳር ሙዝ ጭኖ የሚወጣ አይሱዙ ነበርና ሾፌሩን ለምነን፣ እኔና ታደለ ሙዙ ላይ ወጣን። በግራ ተራራው፣ በቀኝ የዓባያ ሐይቅ ቀይ ውኃ፣ በመሀል ነፋስ እያደረቀው የሚለማመድ ሙሽራ! «ሰላማዊት፣ እኔ…» ይላል፤ ይተወዋል፤ እንደገና ይጀምራል። እኔም በደስታ ሙዙን እንደ ከበሮ እየደበደብኩ አበረታታዋለሁ።

ደረስን። በሯ ተዘግቷል። ጎረቤቷ ወጥታ «ሰላማዊትማ አሁን እየሮጠች ሚኒባስ ያዘች፤ ጫኖ ሰው ተጎድቶብኛል አለች» አለችን።

መንገድ ላይ ተላልፈናል! ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርኩ ሙሉ ነው። ደወልኩ። አሁን ደግሞ ማግኘት የማይቻለው ደንበኛ እሷ ሆነች። ታደለ ደጃፏ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ ከሚኒባሱ ውስጥ እሷ ናት።

«ተርፏል?»

«ተርፏል፣ እዚሁ አጠገቤ ነው!»

«የት ናችሁ?»

«አንቺ ደጃፍ! ማንጎው ሥር ጠብቂን፤ እንዳት—»

ተቋረጠ። ትጠብቀን አትጠብቀን ሳናውቅ ባገኘነው ሚኒባስ ተመልሰን በረርን።

ጠብቃናለች። ማንጎው ሥር፣ የሕክምና ቦርሳዋን ታቅፋ፣ አቶ ሻንካ ባወጡላት በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን የቆመውን ሕዝብ ብታዩ የቅዳሜ ገበያ ነው የምትሉት። ታደለን ከእግር እስከ ራሱ መረመረችው፤ ክንዱን አጠፈች፣ ዘረጋች። ደህና መሆኑን ስታይ ቁጣዋ መጣ።

«አግዢኝ ብለህ ስትጮህ፣ ከዚያ ውኃ ሲንቦጫረቅ… የሞትክ መስሎኝ ነበር እኮ!»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሰላማዊት ግራ ገባት። «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ? እስካሁን ስጠይቅ አንዳችሁም አልነገራችሁኝ!»

«እኔ ነኝ የከለከልኳቸው» አሉ አቶ ሻንካ። «ያለው ሰው ራሱ ይናገር ብዬ። ቀጥል፣ መምህር።»

አሁን እንግዲህ ቅርንጫፍ መያዝ፣ ቀፎ መዘርጋት የለም። በመሀላቸው ያለው አንድ ክንድ ነው። ታደለ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ኔትወርክ የሚጠፋው ከቴሌ ማማ ላይ ብቻ ይመስላችሁ ነበር? የማንጎ ነጋዴዋ «በል እንጂ!» ብላ ከኋላው ገፋችው።

«አግዢኝ አላልኩም» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «አግቢኝ ነው ያልኩት።»

ሰላማዊት ቦርሳዋን መሬት አስቀመጠች። ዓይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ፈገግታዋን መደበቅ እያቃታት፣ «አልተሰማኝም፤ ድገመው» አለችው።

ደገመው። አሁንማ ቦይ ጠራጊዎቹም ሰሙት።

እሷም አንድ ነገር ስትመልስ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ግን እልልታው፣ ጭብጨባው፣ የአቶ ሻንካ ምርቃት አንድ ላይ ተነሥቶ መልሷን ዋጠው። ያን ያህል ቀርቤ ቆሜ፣ ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሰኞ ጠዋት ዲላ እንዳልሄደች ግን አውቃለሁ፤ ዛሬ ልጆቻቸውን ሒሳቡን አባታቸው፣ አማርኛውን እኔ ነኝ የማስተምራቸው።