አሥር ደቂቃ ሲቀረው የሚወጡት አቶ ኦልድሮይድ

የሰው ልጅ በሁለት ይከፈላል፤ ነገሩ እስኪያልቅ የሚቀመጥና ሊያልቅ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ብድግ የሚል። ሁለተኛውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሠርግ ላይ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ኮቱን የሚፈልገው እሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቄሱ ለቡራኬ እጃቸውን ሲያነሱ በሩን የሚያንቋቋው እሱ ነው። ሲኒማ ቤት ገዳዩ ሊታወቅ ሲል ከፊታችሁ ቆሞ የኮቱ እጅጌ የሚጠፋበት ሰው እሱ ነው። ለምን ብትሉት መልሱ የትም አገር አንድ ነው፦ «መንገዱ ሳይጨናነቅ ልውጣ ብዬ ነው።»

በከተማችን በክራግቶርፕ የዚህ ወገን ተጠሪ ክቡር አቶ ሆረስ ኦልድሮይድ ናቸው። ክራግቶርፕ ውስጥ መንገድ የሚጨናነቀው በዓመት አንድ ቀን፣ በጎቹ ከተራራው ሲወርዱ ነው። አንድ የትራፊክ መብራት አለን፤ እሱም አረንጓዴ ላይ ከተበላሸ ሰነባብቷል፤ ልዩነቱን ያስተዋለ ሰው የለም። አቶ ኦልድሮይድ ግን ከዚህ መንገድ ጋር እልህ ተጋብተዋል። ከፖስታ ቤት ጡረታ ሲወጡ በተደገሰላቸው ግብዣ ላይ ስጦታው ሳይሰጣቸው ወጥተው ሄዱ። የግድግዳ ሰዓቱን በማግስቱ ቤታቸው ያደረሰላቸው በእሳቸው ቦታ የተተካው ፖስተኛ ነው።

እኔ ከእኚህ ሰው ጎን በራግቢ ሜዳችን አሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ክለባችን የሚጫወተው በእንግሊዝ ራግቢ ሁለተኛው ሊግ ነው። ይህም ማለት ተጫዋቾቻችን ቅዳሜ የሰው አጥንት ይሰብራሉ፣ ሰኞ ደግሞ የዚያኑ ሰውዬ ቧንቧ ይጠግናሉ። ከእኛ በላይ ያሉት ሀብታሞች ናቸው። ከእኛ በታች ያለው ሦስተኛው ሊግ ነው፤ እዚያ የወረደ ክለብ ደህና ተጫዋቾቹን ተነጥቆ ሲያበቃ ተመልሶ አይወጣም ይባላል።

ጨዋታው ሰማንያ ደቂቃ ነው። ሰባኛው ደቂቃ ላይ ሥነ ሥርዓቱ ይጀመራል። አቶ ኦልድሮይድ የፔርሙዛቸውን ክዳን ያጠብቃሉ፤ አላልተው እንደገና ያጠብቁታል። ብርድ ልብሳቸውን በአራት ያጥፋሉ። ከዚያ ይነሳሉ። መቀመጫቸው የረድፉ መሀል ስለሆነ አሥራ አራት ሰው አብሮ ይነሳል።

«ይቅርታ… እግርሽን ሰብሰብ አድርጊልኝ የኔ እመቤት… ይቅርታ… ይቺ የሥጋ ፓይ የማን ናት? አይዞህ፣ ጫፏን ብቻ ነው የረገጥኳት።»

ጥሩ ነገር ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የእሳቸውን ቡናማ ኮት ጀርባ ያየሁትን ያህል የክለባችንን አጥቂዎች አላየሁም። ሰፌድ የምታህል መጣፊያ አለችው፤ ትከሻው ላይ፣ በስተቀኝ።

ከሜዳችን ውጪ ስንጫወት ነገሩ ይብሳል። የደጋፊዎች አውቶቡስ ሁሉም ሰው ካልተሳፈረ አይንቀሳቀስም። እሳቸው ግን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ወጥተው ባዶው አውቶቡስ ውስጥ ጉብ ይላሉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ተቀምጠው ምን አተረፉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ቀደምኩ።»

«ማንን?»

«ሁላችሁንም።»

ያለፈው የውድድር ዓመት በአምስት ተከታታይ ሽንፈት ተጀመረ። በጥቅምት፣ በገዛ ሜዳችን፣ ስድስተኛውን ልንሸነፍ አሥር ደቂቃ ሲቀረን አቶ ኦልድሮይድ እንደ ልማዳቸው ወጡ፤ በወጡ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ አግብተን አሸነፍን። በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። ነገሩን መጀመሪያ ያስተዋለችው ፓይ የምትሸጠው ግሌኒስ ናት፤ የሱቋ መስኮት የሚያየው መውጫውን በር ነው።

«ስሙኝማ!» አለች። «እኚህ ሰውዬ በሩን ሲያልፉ እኮ ነው የምናገባው። ዛሬ ጨዋታውን አላየሁም፤ ተረከዛቸውን ነው ያየሁት። ተረከዛቸው ወጣ፣ ጎረቤት ሁሉ ጮኸ።»

ሳቅንባት። በታኅሣሥ ግን አቶ ኦልድሮይድ ጉንፋን ይዟቸው ቀሩና በአርባ ነጥብ ተሸነፍን። በጥር ብርዱ ስለበረታባቸው ስድሳኛው ደቂቃ ላይ ወጡ፤ በሃያ ነጥብ አሸነፍን። ከዚህ በኋላ የሳቀ ሰው የለም። የተማረ ሰው የሞላበት ረድፍ ነው የእኛ፤ አንድ የጥርስ ሐኪምና ሁለት መሐንዲሶች አሉበት። ሦስቱም ነገሩ በማስረጃ ተረጋግጧል አሉ።

እናም ማስወጣት ሥራችን ሆነ። በነጥብ ስንበልጥ «ኧረ ጋሼ ቁጭ ይበሉ፣ ገና ነው» እንላለን። መመራት ስንጀምር የጥርስ ሐኪሙ ዘንበል ይልና፦

«ጋሽ ሆረስ፣ ድልድዩ ጋ በግ መንገዱን ዘግቶታል አሉ።»

«ስንት በግ?»

«ኧረ ብዙ ነው!»

«በዚህ ወር ምን በግ አለ?»

«የጠፋ በግ ነዋ!»

አንድ ቅዳሜ የክለቡ ሊቀመንበር ራሱ በእረፍት ሰዓት ኮታቸውን ይዞላቸው መጣ። ሌላ ቅዳሜ ጨዋታው ሳይጀመር አግባብተን ሸኘናቸውና ጉዳችን ፈላ፤ በሃምሳ ነጥብ ተቀጣን። መሐንዲሶቹ ተመካክረው መድኃኒቱ የሚሠራው ሰውየው በደንብ ተቀምጠው ሲነሱ ብቻ ነው የሚል ውሳኔ ላይ ደረሱ። አቶ ኦልድሮይድ ይህን ሁሉ ያውቁ አያውቁ እንደሆነ አልገባንም። ፔርሙዛቸውን ነው የሚያጠብቁት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ደረሰ። ካሸነፍን በሊጉ እንቆያለን፤ ካላሸነፍን እንወርዳለን። ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። አቶ ኦልድሮይድ ሲመጡ የተቀባ ጫማ አድርገው፣ ከረባት አስረው ነበር። ተቀመጡና ጨዋታው ሳይጀመር፣ ለረድፉ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፦

«ዛሬ እስከ መጨረሻው እቆያለሁ» አሉ። «ከወረዱም ብቻቸውን አይወርዱም።»

የመሐንዲሶቹ ፊት አመድ መሰለ። በሌላ ቀን ቢሆን እንዲህ ያለውን ቃል አጨብጭበን በተቀበልነው ነበር። ሰባኛው ደቂቃ ላይ 24 ለ 19 እየተመራን ነበር። ረድፋችን ሜዳውን ትቶ ወደ እሳቸው ዞረ። እጃቸው ፔርሙዙ ላይ ነው። ከኋላ አንዱ «መንገዱ!» ብሎ ጀመረ፤ ሌላው ተቀበለው፤ ወዲያው የአንድ ወገን ተመልካች ሁሉ እያጨበጨበ «መንገዱ! መንገዱ!» ይል ጀመር። የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች መንገዱ ምን እንደሆነ ለማየት ወደ በሩ ዞሩ።

አቶ ኦልድሮይድ ወደ እኔ አዩ። ዓይናቸው እንባ ያቀረረ መሰለኝ።

«ልውጣ?»

«ይውጡ ጋሼ። ስለ ክለቡ ብለው።»

«እሺ። ግን ዛሬ ብቻዬን አልወጣም። ተነስ።»

«እኔ? እኔማ ጨዋታውን…»

«ሂድ!» አለ አሥራ አራቱም ሰው በአንድ አፍ። ግሌኒስ ከሩቅ በማንኪያ በሩን ታመላክተኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣሁት ይህችን አሥር ደቂቃ ለማየት ነበር፤ እየተረገምኩ ሳይሆን እየረገምኩ ወጣሁ።

መኪና ማቆሚያው ጭር ብሏል። የአቶ ኦልድሮይድ ሰማያዊ መኪና የቆመችው ከሁሉ ጥግ፣ ከተመልካቹ መደብ ጀርባ ካለው ግንብ ሥር ነው። ከፊቷ ስድስት መኪና ተደርድሯል፤ ያለ ክንፍ አትወጣም። ገባን። መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። ቁልፋቸውን ግን ከኪሳቸው አላወጡም።

«አያስነሱም እንዴ?»

«ምኑን?»

«መኪናውን! መንገዱ ሳይጨናነቅ!»

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው።»

ጩኸት ተነሳ። አቶ ኦልድሮይድ ጣታቸውን ቀሰሩ። «የእኛ ነው። በግራ ጥግ። ያገባው ወፍራሙ ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ሰው ሲስቅ አትሰማም? እሱ ሲሮጥ ነው እንዲህ የሚሳቀው። አሁን በአምስቱ ነጥብ ላይ ሁለት ለሚጨምረው ምት ይዘጋጃሉ… ቆይ… ገባ! 26 ለ 24።»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው የሚቀመጡት?»

«እስከ ፊሽካው። ከዚያም ሰው ሁሉ እስኪሄድ እጠብቃለሁ። ሲያዩኝ ደስ አይለኝም።»

«ታዲያ ለምን ገብተው አያዩም?»

እጃቸውን መሪው ላይ አድርገው ነገሩኝ። ከሠላሳ ዓመት በፊት ለክለባችን ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬ ሰግደን የሚባለው አምበላችን በሚጫወትበት ቦታ፣ ኳሱን ከትርምሱ ሥር ፈልቅቆ የሚያወጣው ትንሹ ሰው ሆነው። በራግቢ ሰዓት ስለሞላ ብቻ ጨዋታ አያልቅም፤ ኳሱ ከሜዳ መውጣት አለበት። ስለዚህ የሚመራ ቡድን ሰዓቱ ሲሞላ ኳሱን ወደ ውጪ ይመታውና መተቃቀፍ ይጀምራል። በዚያ ቀን ክለቡ በአንድ ነጥብ እየመራ ነበር፤ ካሸነፈ ወደ ላይኛው ሊግ ያድጋል። ያኔ ሜዳው ላይ ሰዓት አልነበረም። አንዱ ተመልካች «አለቀ!» ብሎ ጮኸ።

«ኳሱን ከሜዳው ማዶ እስካለው መቃብር ቦታ ድረስ መታሁት» አሉ። «እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ሣሩ ላይ ተንበረከክሁ። ዳኛው መጣና ‘ወንድሜ፣ ገና አንድ ደቂቃ ተኩል አለ’ አለኝ። ኳሱን ያወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ከውጪ የሚወረውሩት ተጋጣሚዎቻችን ሆኑ፤ ወረወሩ፣ ገፉን፣ አገቡብን። ክለቡ ከዚያ ወዲህ እዚያ ደርሶ አያውቅም።»

«በጣም ሰደቡዎት?»

«ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሁሉም ‘አይዞህ ሆረስ’ አለኝ። እስከ ዛሬ ይሉኛል።»

ያን ቡናማ ጀርባ ለአሥራ ሁለት ዓመት ስረግመው ኖሬ፣ ያን ጊዜ አቅፌው ማልቀስ አማረኝ። እንግሊዛዊ ስለሆንኩ ፔርሙዙን ያዝኩላቸው።

ከሜዳው ሰዉ ሰዓቱን እያየ መቁጠር ጀመረ። «አምስት! አራት! ሦስት!» ቆጠራው እንዳለቀ አጭር ጩኸት ተሰማ።

«ኳሱን ነጠቅን» አሉ አቶ ኦልድሮይድ፤ ፊታቸው ነጣ። «አምበሉ ሰግደን እጅ ገብቷል።»

«ምታው! ምታው!» ይላል ሕዝቡ።

«እንዳትመታ!» ብለው ጮኹ በመስኮቱ፣ ግንቡን። ክንዴን ጨምድደው ይዘውታል። «መጀመሪያ ዳኛውን ጠይቀው! ጠይቀው የኔ ልጅ!»

«ጋሼ፣ ሰዓቱ አልቋል፤ ሲቆጥሩ ሰምተናል እኮ።»

«እኔም ያኔ ሰምቼ ነበር!»

ድው የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀና ስንል ሞላላው ኳስ በመደቡ ጣሪያ ላይ እየተሽከረከረ መጣ፤ ወረደ፤ የመኪናዋን አፍንጫ ጎድጓዳ አድርጎ ነጠረና ጭቃው ላይ አረፈ። ከግንቡ ማዶ የሚሰማው ጩኸት ምድር ያናውጣል።

«ዳኛው ነፍቷል?»

«ነፍቷል።»

«በጆሮህ ሰምተሃል?»

«በጆሮዬ።»

በዚያ ጫጫታ የቤተ ክርስቲያን ደወል ቢደወልም የሚሰማ አልነበረም፤ ዋሸሁ። አቶ ኦልድሮይድ ዓይኔን ትንሽ አዩት። ከዚያ ከመኪናው ወርደው፣ በተቀባ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ገብተው ኳሱን አነሱ። እቅፋቸው ውስጥ አድርገውት ተመለሱ። መስኮታቸውን ዘጉ። በራቸውን ቆለፉ።

«እንግዲህ ምን አምጥተው ይወረውራሉ?» አሉ።

ሰዉ እየዘፈነ ከሜዳው ፈሰሰ። ሊቀመንበሩ ኮቱን ገልብጦ እንደለበሰ እየሮጠ መጣና መስኮቱን ደበደበ። «ጋሽ ሆረስ! አሸነፍን! ቆየን! ኳሱን ይስጡን፣ ልጆቹ ሊፈርሙበት ነው!»

«ዳኛው ራሱ ይምጣና ይንገረኝ» አሉ አቶ ኦልድሮይድ ከውስጥ።

ሊቀመንበሩ በእኔ በኩል ዞሮ መጣ። «አንተ እንኳ እባክህ፣ ንገራቸው!»

እጄን ሰደድኩና የእኔንም በር ቆለፍኩት።