አማቴና ሦስተኛው ዲስክ

ይህ ሚኒባስ የሚሞላ አይመስለኝም። ሆሳዕና መናኸሪያ ከተቀመጥኩ ቆየሁ፤ ረዳቱ “ሾኔ! ሾኔ! አንድ ሰው!” እያለ ይጮሃል። ሳልገባ በፊትም አንድ ሰው ነበር የቀረው። ከገባሁም በኋላ አንድ ሰው ነው የቀረው። ስለዚህ ጊዜ አለን፤ ላጫውታችሁ። ሾኔ ምን ልትሠራ ነው ካላችሁኝ፣ አማቴን ፓስወርድ ልለምን ነው። የገዛ ኮምፒዩተሬን ፓስወርድ! ሰኞ ተማሪዎቼ ፈተና አላቸው። ፈተናው ያለው ሳሎኔ ውስጥ ነው፤ መክፈቻው ያለው ሾኔ ነው። እስቲ ይሄ ምን ይባላል?

ነገሩ የጀመረው በቅንነት ነው፣ እውነቴን ነው። እኛ ቤት ፎቶው በስልክ፣ መዝሙሩ በፍላሽ፣ ቪዲዮው በሚሞሪ ተበታትኖ፣ አንድ ነገር በተፈለገ ቁጥር መሳቢያው ሁሉ ይገለበጥ ነበር። እኔ ደግሞ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለው ነገር ያንገበግበኛል። አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ቲቪው ሥር አስቀመጥኩና ሰርቨር አልኩት። ሦስት ዲስክ አስገባሁበት። አንዱ ለፊልምና ለመዝሙር፣ አንዱ ለትምህርት ቤት ሥራዬ፣ ሦስተኛው ለቤተሰብ ማስታወሻ። የቤቱ ዋይፋይ ላይ ያለ ቲቪም ስልክም ሁሉንም ያያል ብዬ ለዘመድ አዝማዱ አወጅኩ። “ያላችሁን አምጡ!” አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

ማን አመነኝ? አማቴ፣ የባለቤቴ እናት። የሠርጋችን ቪዲዮ ያለበትን ፍላሽ ከሾኔ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ቪዲዮው ላይ የባለቤቴ የማርታ አባት ቆመው ሲመርቁን ይታያሉ። ሰውዬው ከሠርጉ ወዲያ ብዙ አልቆዩም፤ አረፉ። ድምፃቸው የቀረው እዚያ ላይ ብቻ ነው። ቪዲዮውን ሦስተኛው ዲስክ ላይ ገለበጥኩት። አማቴም ፍላሹን ለቤተክርስቲያን መዘምራን ሰጡት፤ ያለው ሁሉ ጠፍቶ መዝሙር ተጫነበት። ምን ያስጨንቃል? ሰርቨር አለ!

ከዚያ አማቴ ሊጠይቁን መጡ። ገና አረፍ እንዳሉ፣ እስቲ ሰውዬዬን አሳየኝ፣ ድምፁ ናፍቆኛል አሉ። ቲቪውን ከፈትኩ። ሦስቱም ዲስኮች ተደርድረው ወጡ፤ ደረቴን ነፋሁ። የፊልሙን ስነካ ተከፈተ። የቤተሰቡን ስነካ በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ ድቅን አለ። አማቴ “ምን ይላል?” አሉ።

“አልተፈቀደም ነው የሚለው፣ እማዬ” አለች ማርታ።

“ማነው ያልፈቀደው?”

“ባለቤቱ።”

“ባለቤቱ ማነው?”

ማርታ ዞር ብላ አየችኝ። እኔስ ማንን ልይ?

ላስተካክል ብድግ ስል መብራት ጠፋ። አሁን ይሄ የመጥፊያ ሰዓት ነው? እንደጠፋ አደረ። ጠዋት አማቴ ለእሳቸው የተሠራውን አታካና፣ ያ ሁሉ ቅቤ የገባበትን፣ አንዴም ሳይጎርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። “ፊልሙ ለአላፊ አግዳሚው ተፈቅዷል። የተከለከለው የእኔ ባል ነው” ብለው ሄዱ። ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ሾኔ ገባ። ሞርሲቶ ያለ ዘመድ ሳይቀር ደውሎ፣ አማትህን በር ዘጋህባቸው አሉ፣ ምን ነካህ አለኝ።

በሳምንቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ለዲስክ ሽማግሌ! አማቴም ተጠርተው ከሾኔ መጡ። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ኤርጫፎ ጸልየው ከፈቱና፣ በል አንተ ተናገር አሉኝ። ተናገርኩ። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ፈቃድ አለው አልኩ። ቲቪው አንዱን እንዲያይ ስለተፈቀደለት ብቻ ሌላውን አያይም፤ በየዲስኩ እየገባህ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ምልክት ታደርጋለህ። ሦስተኛው ላይ እሷ ምልክት ቀርታለች፣ አለቀ። “ስለዚህ አልከለከልኩም፤ አልፈቀድኩም እንጂ!” ብዬ ደመደምኩ። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ኤርጫፎ ትክ ብለው አዩኝ። ለፊልሙ ምልክት አድርገሃል? አዎ። ለራስህስ? ለሁሉም። አማትህ ጋ ስትደርስ ነው እጅህ የዛለው? ኧረ ጋሽ ኤርጫፎ ብል ማን ሰምቶኝ! ከወዲያ በኩል ደግሞ አንዱ፣ መብራቱስ እንዴት በዚያች ሰዓት ጠፋ ብሎ ጠየቀ። መብራቱንም እኔ!

እዚሁ ፊታችን ክፈት ተባልኩ። ከፈትኩ። ምልክቷን ማድረግ አሜን ከማለት አይረዝምም፤ ይህ ሁሉ ጉድ ለእሷ ነው። የማርታ አባት ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ብቅ አሉ፤ በሃዲይኛ መመረቅ ጀመሩ። አማቴ ወንበራቸውን ትተው ቲቪው ሥር ሄደው ቆሙ። እንባቸው ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ይኸው ተገላገልኩ ስል፣ ሰውዬው ወደ እኔ ዞረው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? “የእኔ በር ላንተ ክፍት ነው፤ ያንተም በር ለእናቷ አይዘጋ።” ሽማግሌው ሁሉ አሜን አለና ወደ እኔ ዞረ። በሞተ ሰው ተመሰከረብኝ!

ፍርድ ለመስጠት አልቆዩም። ከዛሬ ጀምሮ ፈቃድ ሰጪዋ አማትህ ናቸው አሉ። ማርታ እዚያው አድሚን አደረገቻቸው፤ ፓስወርዱን ማንም ሳያይ ራሳቸው ጻፉ። እኔ ወረድኩ። አታካና እንደገና ተሠርቶ ተበላ፣ ታረቅን፣ አማቴም ስቀው አገራቸው ገቡ።

ትናንት ፈተናውን ላትም ሁለተኛውን ዲስክ ነካሁ። ያው ጽሑፍ! ለካ ማርታ ከአድሚንነት ስታወርደኝ ምልክት ያደረገችልኝ ሠርጉ ያለበት ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ዲስኩን ነቅዬ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ልሰካው ስል፣ ሽማግሌ የወሰነውን ልታፈርስ ነው ብላ ጮኸችብኝ። አማቴ ጋ ደወልኩ። ፓስወርድ በስልክ ለማንም አይነገርም ብለህ የመከርከኝ አንተ አይደለህም እንዴ አሉኝ። ደግሞስ እኔ ባሌን ለማየት ስንቴ ተመላለስኩ፤ አንተ ከለቅሶው ወዲህ ቤቴን ረግጠህ ታውቃለህ? ና፣ እህል ቅመስ፣ ከዚያ ይታያል።

“እማማ፣ ፈተና እኮ ነው!” አልኩ። “ምን አድርጌ ነው የሚከለክሉኝ?”

ሳቃቸው በስልኩ ውስጥ ተሰማኝ።

“ኧረ እኔ አልከለከልኩህም፣ ልጄ” አሉኝ። “አልፈቀድኩም እንጂ።”