የሁለተኛው ጭልፋ ነገር

ሰው ጉልበትህ ደከመ ቢሉት ይቀበላል። ዓይንህ ፈዘዘ ቢሉት መነጽር ይገዛል። «ጭንቅላትህ አልቋል» ያሉት ዕለት ግን ዱላ ያነሳል። እኔ አላነሳሁም፤ ያን ጊዜ ዱላ የማነሳበት ጉልበት አልነበረኝማ! ደግሞም የጭንቅላቴ ማለቅ ነው ነፍሴን ያተረፋት። ሳቁ፤ እኔም እየሳቅሁ ነው እዚህ የደረስኩት።

ዘመኑ ስድሳ ስድስት ነው፤ የራያ ማሽላ ቆሞ የደረቀበት፣ እኛም ቆመን የደረቅንበት። ቆቦ መጠለያ ስደርስ ረሃቡ ላይ ትኩሳት ተጨምሮ አእምሮዬን ጠራርጎት ነበር። የአባቴን ስም፣ የበሬያችንን ቀለም አልረሳሁም። አሁን የሆነውን ግን፣ ወላሂ፣ ወዲያው እረሳዋለሁ። ንፍሮዬን በልቼ አፌን ሳልጠርግ «የዛሬው መቼ ነው የሚታደለው?» እላለሁ። ጠይቄም አልቀመጥም፤ እሰለፋለሁ። ለአንድ ሰው አንድ ጭልፋ ሆኖ ሳለ እኔ ሁለት እወስድ ነበር። ሁለተኛው ወዴት ይሄድ እንደነበር ትንሽ ቆዩኝ።

ተያዝኩ። ሁለቴ የወሰደ ይባረራል፤ መባረር ማለት በዚያ ቀን ምን እንደነበር አላብራራላችሁም። ያዳነኝ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ድሬሰር፣ የመጠለያው ሐኪም ረዳት ነው።

«ይሄ ሰው ሌባ አይደለም» አለ። «የአንጎሉ ሕዋስ ሞቷል። ቆዳ ይተካል፣ ጉበት ይተካል፤ የአንጎል ሕዋስ አንዴ ከሞተ አይተካም። መብላቱን ቢረሳ ምን ይፈረድበታል?»

የዘመኑ መጽሐፍ የሚለውም ይህንኑ ስለነበር ሰውዬውን አልወቅሰውም። ጭንቅላት የሌለኝ ንጹሕ ሰው ተባልኩ።

ወሬው ግን እግር አወጣ። ከመጠለያው ወዲያ፣ በዋጃ መንገድ ዳር፣ አንዲት ግራር ሥር አያ እንድሪስ ከልጃቸው ከዘይነባ ጋር ተቀምጠዋል። አያ እንድሪስ ከአፋር ጨው የሚያመላልሱ የግመል ነጋዴ ነበሩ። ግመሎቹ አለቁ፣ ኩራታቸው አላለቀም። «እኔ እንድሪስ ለንፍሮ አልሰለፍም፤ ልጄም አትሰለፍም!» ብለው ቁጭ ብለዋል። ዘይነባ ደግሞ ከክፉው ቀን በፊት ለእኔ የታጨች ናት።

«ልጄን ለባዶ ቅል አልሰጥም» አሉ ወሬው ሲደርሳቸው። «ሌባስ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ሌባ ቤቱን ያበላል።»

ረሃቡን ችዬው ነበር፤ ይህን አልቻልኩም። ፊታቸው ቆሜ አለቀስኩ።

ይሄኔ አባቷ ባሉበት ቃል ተናግራ የማታውቀው ዘይነባ አፏን ከፈተች።

«አባባ፣ ያ በየቀኑ የሚመጣው ንፍሮ ከየት ይመስልዎታል? ሁለተኛውን ጭልፋ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ ለእኛ ነው የሚያመጣው። እኛ የመጣነው እሱ ከታመመ ወዲህ ነው፤ ይህችን ግራር ከዚያ በፊት አያውቃትም። አንድ ቀን እንኳ ስቶ ሌላ ግራር ሥር አልሄደም። የሞተ ጭንቅላት አዲስ መንገድ ይማራል?»

አያ እንድሪስ ሙሰባሃቸውን መቁጠር ጀመሩ። እኔ ንፍሮውን ይዤ ስመጣ ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረው ዱዓ ያስረዝሙ ነበር፤ ዱዓው ሲያልቅ ንፍሮውም ግማሽ ሆኖ ይገኛል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

«ጭንቅላቱ ካለ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የበላነው ሐራም ነው። ከሌለ ደግሞ ልጄን ለማን ልስጥ?»

ሙሰባሃቸውን ቆጥረው ጨረሱ። ከዚያ ፈረዱ።

«ጭንቅላቱ ለንፍሮው ጊዜ ሞቶ ነበር። ለኒካው አላህ ይተካለታል።»

በቀደም ሕክምና የምትማረው የልጅ ልጄ መጥታ፣ የማይተካ የተባለው ይተካል አለችኝ። አዲስ ትዝታ በሚያዝበት የአንጎል ክፍል ግንደ ሕዋስ የሚባሉ አሉ፤ እየተከፈሉ አዲስ የነርቭ ሕዋስ ይወልዳሉ። ረሃብ ሲጠና ይሰንፋሉ። የተወለደውም ቢሆን የሚማረው ነገር፣ የሚይዘው ሥራ ካላገኘ ብዙው ሳይሰነብት ይሞታል፤ እንደ ከተማችን ወጣት ቦዝኖ መቀመጥ እንኳ አይፈቀድለትም። በአዋቂ ሰው ላይ ምን ያህል ይወለዳል በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይጨቃጨቃሉ አለች። ይጨቃጨቁ፤ አያ እንድሪስ ነገሩን ግራር ሥር ጨርሰውታል።

ዘይነባ ከጎኔ ሆና ስትሰማ ቆየች። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ጠይቃኝ የማታውቀውን ያን ዕለት ጠየቀችኝ።

«እንግዲያ ያኔም ጭንቅላትህ ይሠራ ነበር በለኛ። በል እውነቱን ንገረኝ፤ ደግመህ ስትሰለፍ የመጀመሪያውን መብላትህን ረስተኸው ነበር ወይስ እያወቅህ ነው?»

«የቱን?» አልኳት።